ኤር ፍራየሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ድስቱ ይቀየር

የደረሰኝ ጥያቄ ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በቤታችን አራት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴና የዘጠኝ ዓመት ልጃችን። በቅርቡ ባለቤቴ የደም ግፊት እንዳለበት ተነገረው፤ አማቴ ደግሞ ስኳር አለባቸው። ሐኪሞቹ ‹ዘይትና ጨው ቀንሱ› ብለውናል። ሁለታችንም የምንሠራው መሀል ከተማ ስለሆነ ቤት የምንገባው ማታ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ መብራትም በየጊዜው ይጠፋል። አምስት ሊትር ዘይት ወር አያደርሰንም። አሁን ዕቁብ ወጥቶልኛል። ዱባይ ያለችው እህቴ ‹ኤር ፍራየር ልላክልሽ› ትላለች፤ ጎረቤቴ ደግሞ ‹ጁስ መጭመቂያ ግዢ› ትለኛለች። ምን ልግዛ?»

እህቴ፣ ኤር ፍራየሩ (በትኩስ አየር የሚጠብሰው ዕቃ) ይቆይ፤ ጁስ መጭመቂያው ጨርሶ ይቅር። በዕቁቡ ገንዘብ መጀመሪያ ታቹ ወፍራም የሆነ ድስት፣ ቀጥሎ ፕሬዠር ኩከር (እንፋሎት አፍኖ ቶሎ የሚያበስል ድስት)፣ ከዚያ የመለኪያ ማንኪያዎችና አንድ ጥሩ ቢላዋ ይግዙ። የሚተርፈውን ገንዘብ ለምስርና ለጎመን ያውሉት።

ድስቱን ለምን እንዳስቀደምኩ ልንገርዎት። ታካሚዎችን በአመጋገብ ማማከር ስጀምር እኔም እንደ ሐኪሞቻችሁ «ዘይት ቀንሱ» ብዬ እሸኝ ነበር። በወሩ ተመልሰው ሲመጡ ግን ዘይቱ ያው ነው። አንዲት እናት በመጨረሻ «ልጄ፣ ዘይቱን ስቀንሰው ሽንኩርቱ ያርርብኛል፤ ያረረ ወጥ ላብላቸው?» አሉኝ። ጎረቤቴ ስለነበሩ ቤታቸው ገብቼ ድስቱን አየሁት። ቀጭን አሉሚኒየም ነው፤ ታቹ ጎብጦ ምድጃውን የሚነካው መሀሉ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ድስት ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል። ሽንኩርቱ ገና ውሃውን ሳይጨርስ ታች ይይዛል፤ ማማሰያው አልገፋ ሲል እጅ ሳይታዘዝ ወደ ዘይቱ ጀሪካን ይሄዳል። ሴትዮዋ ምክሬን ንቀው አልነበረም። ድስታቸው አላስችል ብሏቸው ነው።

የሚገርመው ግን ቁሌታችን ከመነሻው ያለ ዘይት የሚጀመር መሆኑ ነው። ሽንኩርቱ በደንብ ደቅቆ በደረቁ ይጣዳል፤ በራሱ ውሃ ይበስላል፤ ዘይቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የተማርነው ከእናቶቻችን እንጂ ከአመጋገብ መጽሐፍ አይደለም። ሙያው ያለው በቂ ጊዜ በመስጠትና ሙቀቱን በመቆጣጠር ላይ ነው፤ ወፍራም ድስት ደግሞ ሁለቱንም ያግዛል። ሙቀቱን ወደ ጎን ስለሚበትነው ሽንኩርቱ ሳያር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል። መያዝ ሲጀምር አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጠብ ያደርጉበታል፤ ይለቃል፤ ያማስላሉ፤ ክዳኑን ይመልሳሉ። ሽንኩርቱ ግማሽ ሲሆንና ቀለሙ ሲወረዛ በርበሬው ከትንሽ ውሃ ጋር ይገባል፤ ከዚያ ተለክቶ የተቀመጠው ዘይት ይከተላል። ዘይትን ጨርሶ አውጡ አልልም። በበርበሬና በካሮት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ የሚሠራበት ቀይ ቀለም ወደ ሰውነት በደንብ የሚገባው ከጥቂት ቅባት ጋር ሲበላ ነው።

ገበያ ላይ ድስቱን ገልብጠው ታቹን ይዩት። ጥሩ የሚባለው የማይዝግ ብረት ሆኖ ታቹ ላይ ሌላ ወፍራም ሽፋን የተለጠፈበት ነው፤ ጠርዙ ላይ ንብርብሩ ይታያል። ሲያነሡት ከታች ይከብዳል፤ በጣት ሲመቱት እንደ ቆርቆሮ አይጮህም። ለአራት ሰው አምስት ሊትር የሚይዝ ይበቃል። ወደፊት ኢንዳክሽን ምድጃ (በማግኔት ኃይል ድስቱን ራሱን የሚያሞቅ ምድጃ) የመግዛት ሐሳብ ካለዎት ትንሽ ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ ታቹ ላይ ካልተጣበቀ በኢንዳክሽን አይሠራም። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር በሚቀጥለው ሳምንት ያሳስትዎታል።

የሸክላ ድስት ካለዎት አይጣሉት። ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች እጅ የወጣ ጥሩ ድስት ለሽሮና ለቁሌት ከማንኛውም ብረት አያንስም። ሙቀቱን በቀስታ ይቀበላል፣ በቀስታ ይለቃል። ችግሩ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በድንገት ሲሞቅ መሰንጠቁና ጊዜ መፍጀቱ ነው፤ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ለሚገባ ሰው የእሑድ ዕቃ ነው።

የማልመክረው ከቁርጥራጭ ብረታ ብረት ቀልጦ የሚሠራውን የአሉሚኒየም ድስት ነው። የቀለጠው ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም፤ የሞተር ክፍል ሊሆን ይችላል፣ የሬዲዮ ዕቃም ሊሆን ይችላል። በካሜሩን እንዲህ በተሠሩ ድስቶች ላይ የተደረገ ምርመራ እርሳስ የሚባለውን ብረት ወደ ምግብ እንደሚለቁ አሳይቷል፤ እርሳስ ደግሞ የልጅ አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ቲማቲም፣ ሎሚና ኮምጣጤ ብረቱን ይበልጥ ይበሉታል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ባለበት ቤት ይህን አቅልዬ አላልፈውም።

አሁን ወደ ዘይቱ። አምስት ሊትር ለአራት ሰው፣ ለሠላሳ ቀን ሲካፈል በቀን ለአንድ ሰው 42 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። አንድ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዳችሁ በቀን ሦስት ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዘይት ትበላላችሁ። አንዱ ማንኪያ 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሚሰጥ ድምሩ ወደ 340 ይጠጋል። እርስዎ ደግሞ ወር አያደርሰንም ብለዋል፤ ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከዚህም ይበልጣል። ግባችሁን በወር ሦስት ሊትር አድርጉት። ያ በቀን ለአንድ ሰው 25 ሚሊ ሊትር ነው።

ዘይት በዓይን አይለካም። የራሴን እጅ ፈትኜዋለሁ፤ «ትንሽ» ብዬ ያፈሰስኩትን መልሼ ስለካው አንድ ሲኒ ሞላ፤ የእኔ ሲኒ አምስት የሾርባ ማንኪያ ይይዛል። ስለዚህ የመለኪያ ማንኪያዎች ይግዙ፤ ከጠቀስኳቸው ዕቃዎች ሁሉ ርካሾቹ ናቸው። ትልቁን ጀሪካን ከምድጃው አጠገብ ያንሡት፤ በየሳምንቱ እሑድ 700 ሚሊ ሊትር ወደ ትንሽ ጠርሙስ ይቅዱና የሳምንቱን ከዚያ ብቻ ይጠቀሙ። ጠርሙሱ ሐሙስ ላይ ካለቀ ማን እንደጨረሰው ቤተሰቡ ራሱ ይወያይበታል። ስለ ዘይቱ ዓይነት ከተጠየቅኩ፣ በክፍል ሙቀት የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የረጋ ቅባት ነው፤ ንጥር ቅቤ ከዚያም ይብሳል። የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ለባለቤትዎ ልብ ይሻላል። ካሎሪው ግን አንድ ነው፤ «ጤናማ ዘይት ነው» ተብሎ በጭልፋ አይቀዳም።

ጨውም በዚያው ማንኪያ ይለካል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ ሳይሞላ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። በርበሬያችን ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ምጥን ሽሮውም እንዲሁ። ወጡ ላይ የምንጨምረው ጨው በቤታችን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዙር ነው። ባለቤትዎ «ጨው አልጨመርኩም» እያሉ ግፊታቸው የማይወርድበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ በርበሬና ሽሮ ሲያዘጋጁ ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ጨው አይግባበት። እንጀራችን ብዙውን ጊዜ ጨው የለበትም፤ ዳቦው ግን አለበት። ጨውን ምግቡ ሊወርድ ሲል ይጨምሩ፤ አፍ ላይ ቶሎ ይሰማል፣ አዮዲኑም በሙቀት ብዙ አይባክንም። ቀነስን ብላችሁ አዮዲን ወደሌለው ጨው እንዳትመለሱ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ከእንፋሎት አርቃችሁ አስቀምጡት።

የጨውን ቦታ የሚይዘው ጣዕም የሚወጣው ከሙቀጫ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ በዘነዘና ሲወቀጡ በማሽን ከተፈጩት ይበልጥ ይሸታሉ። ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድም ሊበሉ ሲሉ ቢወቀጡ ይመረጣል። ጎረቤት እንዳይቆጣ ከሙቀጫው ሥር የታጠፈ ፎጣ ማድረግ ነው፤ የሦስተኛ ፎቅ ሰዎችም እንቅልፍ አላቸው።

ፕሬዠር ኩከሩን በሁለተኛ ደረጃ ያስቀመጥኩት የምንኖርበት ከፍታ ስለሚያስገድደን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊት ሲቀንስ ውሃ ቀድሞ ይፈላል። ጅቡቲ ወደብ ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚፈላው ውሃ እኛ ዘንድ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ ወዲያ ምድጃውን እስከ ጥጉ ቢከፍቱትም ውሃው ይተናል እንጂ ይበልጥ አይግልም። ሽንብራና ቦሎቄ ከእኛ ጋር እልህ የሚጋቡት ለዚህ ነው። ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን አፍኖ ውስጡን ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። ሌሊቱን የተዘፈዘፈ ሽንብራ ከፈላ በኋላ በ25 ደቂቃ አካባቢ ይበስላል። ከዕቃው ጋር የሚመጣው መመሪያ ብዙውን ጊዜ የተጻፈው ቆላ ላይ ለሚያበስል ሰው ነው፤ ስለዚህ በተጻፈው ጊዜ ላይ ሲሶ ያህል ይጨምሩ።

ይህ ለአማትዎ ስኳርም ትልቅ ጉዳይ ነው። ጥራጥሬ የደም ስኳርን የሚያወጣው ቀስ አድርጎ ነው። ሥራ የሚበዛበት ቤት ግን ማታ ላይ ፓስታና ድንች የሚያበስለው ሽንብራው ስለማይደርስለት ነው። ቅዳሜ ማታ አንድ ኪሎ ሽንብራ ይዘፍዝፉ፤ እሑድ ጠዋት ያብስሉት፤ ለሁለትና ሦስት ቀን የሚሆነውን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ የቀረውን ፍሪዘር ውስጥ በየምግቡ ከፋፍለው ያስቀምጡ። በዚያው ዕለት የሳምንቱን ቁሌት ያለ ዘይት በወፍራሙ ድስት ይሥሩ። ከዚያ ማክሰኞ ማታ የሚቀረው ሁለቱን አገናኝቶ 15 ደቂቃ ማንተክተክ ብቻ ነው። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍተው በአዲስ ውሃ ይቀቅሉ፤ ሆድ የሚነፋው ነገር ይቀንሳል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሳይሆን ምድጃ ላይ የሚጣደውን ፕሬዠር ኩከር ይምረጡ፤ መብራት ሲጠፋ አንሥተው ሲሊንደር ጋዝ ላይ ይጥዱታል። ከስድስት ሊትር አካባቢ አይነስ። ጥራጥሬ ሲሆን ከግማሹ በላይ አይሙሉት። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም፤ አንድ የሑዳዴ ዕለት ቸኩዬ አተር ክክ ሞላሁበት፤ ክክ ደግሞ አረፋ ያወጣል፤ አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ደፈነው፤ የመጠባበቂያው ቀዳዳ ሲከፈት አልጫዬ ኮርኒስ ላይ ወጣ። እስከ ዛሬ የተቀባው ቀለም በደንብ አልሸፈነውም። ክዳኑን እንፋሎቱ ጨርሶ ሳይወጣ አያስገድዱት። ሲገዙ መለዋወጫ የክዳን ጎማ አብረው ይያዙ፤ ጎማው ሲያረጅ ድስቱ ተራ ድስት ይሆናል።

ስለ ቢላዋ አጭር ልሁን። አትክልት በቤታችን የሚቀንሰው ሰዎች ስለማይወዱት አይመስለኝም፤ በደነዘዘ ቢላዋ አንድ እስር ጎመን መክተፍ ስለሚያስመርር ነው። አንድ ረዘም ያለ፣ እጀታው እጅ የሚሞላ ቢላዋ፣ አንድ ሞረድ፣ የማይንሸራተት መክተፊያ። ሥጋና ሰላጣ በአንድ መክተፊያ ላይ አይገናኙ። ጎመኑን ቀቅለው ውሃውን ከመድፋት ይልቅ የብረት ማጥለያ ድስት አፍ ላይ አድርገው በእንፋሎት ያብስሉት፤ ውሃ ውስጥ የሚቀሩት ቫይታሚን ሲና ፎሌት ከቅጠሉ ጋር ይቆያሉ።

ጁስ መጭመቂያው የሚቀርበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የፍራፍሬውን ቃጫ ጥሎ ስኳሩን ያስቀርልዎታል፤ ስኳር ላለባቸው አማትዎ ብርቱካኑን ልጦ መብላት የተሻለ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ለእኛ ሰፈር ሰዎች ይበልጥ ይገባናል፤ መጭመቂያው ስድስት ሰባት ቦታ ተፈትቶ ይታጠባል፣ ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው። ማንኛውንም የወጥ ቤት ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ራሴን የምጠይቀው «ውሃ በሌለበት ማክሰኞ ይህን አጥበዋለሁ?» ብዬ ነው። መልሱን ሳልጠይቅ የገዛሁት መጭመቂያ አሁን ቁም ሣጥን ላይ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሞ ይኖራል።

ኤር ፍራየርን በተመለከተ እህትዎን ላለማስቀየም ፍትሐዊ ልሁን። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ትኩስ አየር በማራገቢያ የሚያዞር ትንሽ ምድጃ ነው። ድንች፣ ሳምቡሳ ወይም ዓሣ በዘይት እየጠበሰ ለሚኖር ቤት ዘይቱን በእጅጉ ይቀንሳል። የእርስዎ ዘይት ግን የሚሄደው በወጥ ነው፤ ኤር ፍራየር ደግሞ ምስር ወጥ አይሠራም። እህትዎ መላክ ካማራት ወፍራሙን ድስትና የፕሬዠር ኩከሩን ጎማ ይጠይቋት። ኤር ፍራየሩ ከመጣም የዱባይ መሰኪያ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ ከእኛ ሶኬት ጋር አይገጥምም፤ 1,500 ዋት የሚስብን ዕቃ በርካሽ መቀየሪያ መሰካት ፕላስቲኩን ሊያቀልጥ ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሰኪያውን ይቀይርልዎት። የእንጀራ ምጣድዎ ብቻውን 3,500 ዋት አካባቢ ስለሚወስድ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይጠቀሙ። ምጣዱን ካነሣን አይቀር፣ በጎመን ዘር ታሽቶ ያለ ጠብታ ዘይት እንጀራ የሚለቅ ምጣድ ያላት አገር የማይዝ መጥበሻ ፍለጋ መድከሟ ያስቀኛል።

መብራት ሲጠፋ ከሰል ወደ ቤት ውስጥ አያስገቡ። ለአራተኛ ፎቅ ሰው ከሰል ይዞ መውረድ አድካሚ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል። የግድ ከሆነ ክፍት በረንዳ ላይ፣ ወደ ቤት የሚያስገባው በር ተዘግቶ። ሌላ ዘዴም አለ፦ ድፍን ምስር አሥር ደቂቃ ከተንተከተከ በኋላ ድስቱን ክዳኑን ሳይከፍቱ በፎጣና በአሮጌ ጋቢ በደንብ ጠቅልለው ለሁለት ሰዓት ይተዉት። ወፍራም ድስት ሙቀቱን ስለሚይዝ ምስሩ ያለ እሳት ይበስላል፤ ከመብላታችሁ በፊት እንደገና ማፍላት ነው።

ባለቤትዎና አማትዎ መድኃኒታቸውን በዚህ ሁሉ ምክንያት እንዳያቋርጡ አደራ፤ መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪሙ ብቻ ነው።

የቀረው አማትዎ ናቸው። «ይህ ወጥ ዘይት የለውም» ማለታቸው አይቀርም፤ ዘይት ያልተንሳፈፈበት ወጥ ለእንግዳ እንደማይቀርብ ተምረው ያደጉ ናቸው። ከለኩት ዘይት አንዱን የሾርባ ማንኪያ አስቀርተው ወጡ ከወረደ በኋላ ከላይ ያፍስሱት፤ ያብለጨልጫል፣ ይሸታል። እናቴ ላይ ሞክሬዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አላወቁብኝም፤ በአራተኛው ድስቱን ሲያጥቡ ቆም ብለው «ይህ ድስት ምን ሆኖ ነው ያለ ሳሙና የሚለቀው?» አሉኝ።